ከለገዳዲ ማሳ እስከ አራት ኪሎ ቧንቧ፦ ገበሬው ከእህል ሌላ ምን ያመርታል?

ቀበና ዳር (የውይይቱን ክር የከፈተው)

ስለ ግብርና ስንነጋገር ወሬው ኩንታል ላይ ይጀምርና ኩንታል ላይ ያልቃል። በሄክታር ስንት ተገኘ፣ ማዳበሪያ ስንት ገባ፣ ጤፍ ስንት ደረሰ። ሚዛን ላይ የማይወጣው ግን ሚዛን ላይ ከሚወጣው አያንስም። ብዙ ነገር ማንሳት ይቻላል፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ መዝዤ ላቅርብና እውቀቱ ያላችሁ አፍታቱት።

አዲስ አበባ ከምትጠጣው የገፀ ምድር ውኃ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው በምሥራቅ በኩል ካሉት ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው መሬት ግን አብዛኛው የገበሬ ማሳ ነው፤ ዋልካ አፈር፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ ጓያ። እዚያ በሰኔ እንዴት እንደታረሰ፣ በነሐሴ ለአራት ኪሎና ለፒያሳ የሚወርደው ውኃ ስንት ኬሚካል እንደሚፈልግ ይወስናል። ገበሬው ደህና አድርጎ ቢያርስ የከተማው ሰው ጠቀመኝ ብሎ አይከፍለውም፤ አፈሩን ለጎርፍ ቢሰጠውም የሚጠይቀው የለም። አንዱ ያመርታል፣ ሌላው ይጠጣል፣ በመካከላቸው ገበያ የለም።

ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ንጹሕ ውኃን እንደ አንድ የማሳ ምርት ብንቆጥረው፣ ማሳው ላይ በትክክል ምን ይሠራል? ገበሬውን ምን ያስከፍለዋል? ማንስ ይከፍላል? በአጠቃላይ ንግግር ሳይሆን በሜትር፣ በኪሎና በብር ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ደለል ቆጣሪ

ከማጣሪያው በኩል ልጀምር፤ ነገሩ እዚያ ነው የሚታየው።

ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ 1 ሜትር ለመስጠም 2 ደቂቃ አይሞላውም። 1 ማይክሮን የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ያንኑ 1 ሜትር ለመውረድ 13 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ንፋስ ውኃውን ትንሽ ካናወጠው ደግሞ ጨርሶ አይወርድም። ዋልካ የተሠራው በአብዛኛው ከዚህ ከደቃቁ ነው። የለገዳዲ ውኃ በክረምት ቡናማ ሆኖ የሚከርመው ለዚህ ነው፤ ግድቡ አሸዋውን ያስቀራል፣ ሸክላው ግን ተንሳፎ እስከ ማጣሪያው ይመጣል።

እዚያ አልሙኒየም ሳልፌት ይጨመርበታል። የሸክላው ቅንጣቶች ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አልሙኒየሙ ያንን ሙሌት ያከሽፈዋል፣ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ከብደው ይወርዳሉ። መጠኑ በግምት አይወሰንም። ስድስት ባለ 1 ሊትር ብርጭቆ ተደርድሮ በእያንዳንዱ የተለያየ መጠን ይጨመራል፤ 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ 15 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል፣ ግማሽ ሰዓት ይረጋና የትኛው እንደጠራ ይታያል። ዝናብ በጣለ ማግስት የትናንቱ ውጤት አይሠራም፣ እንደገና መሥራት ነው።

ሒሳቡ ይኸው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለሚያጣራ ጣቢያ፣ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ኬሚካል መጨመር ማለት በቀን 10 ኩንታል ማለት ነው። ከላይ የመጣው ውኃ ትንሽ ጠርቶ 10 ሚሊ ግራም ብቻ ቢቀነስ በቀን 10 ኩንታል ተረፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ አልሙኒየም ሳልፌቱ የውኃውን አልካላይኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ይበላል፤ ለ1 ሚሊ ግራም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል። ስለዚህ ኖራ ይከተላል። ዝቃጩ ይበዛል፣ አሸዋ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ እሱን ለማጠብ ደግሞ የተጣራ ውኃ ይሄዳል። ድፍርስ ካመለጠ ክሎሪኑ ቅንጣቱ ውስጥ የተሸሸገውን ጀርም አያገኘውም።

ገበሬው የሚያመርተው "ድፍርስ አለመሆን" ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው። ዋጋው የሚወጣው የማጣሪያው መጋዘን ውስጥ ነው።

ማረሻና ሞፈር

ደለል ቆጣሪ ጥሩ አስቀመጡት። አሁን ወደ ማሳው እንውጣ፤ ጭቃው ለምን እንደሚነሳ ካልታወቀ መድኃኒቱ አይገኝም።

በደጋው ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ ይታጠባል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በሄክታር 42 ቶን ነው። በሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 12 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ 42 ቶን 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዓይን አይታይም። በመኪና ሲጫን ግን ሁለት ሲኖትራክ ሙሉ ነው፤ ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዓመት። ሁሉም ግድብ አይገባም፤ ብዙው ታች ማሳና ሜዳ ላይ ይቀራል። ርቆ የሚሄደው ደቃቁ ነው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ዋልካው፣ በዚያ አካባቢ ገበሬው ኮቲቻ የሚለው፣ ተዳፋቱ ለስላሳ ነው፤ 2 እስከ 5 በመቶ። ታዲያ ለምን ይታጠባል? ዋናው ምክንያት የዘር ጊዜው ነው። አፈሩ ውኃ ስለሚተኛበት ስንዴውም ጤፉም ዘግይቶ ይዘራል። ጤፍ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ፣ ሽንብራና ጓያ ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በተረፈው እርጥበት። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ ዱቄት እስኪመስል ይለሰልሳል። ስለዚህ ኃይለኛው ዝናብ ሲወርድ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ምንም ሳይለብስ። ከዚህ የበለጠ ለጎርፍ የተመቻቸ ነገር የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፈሰሱ ነው። ውኃው እንዳይተኛ ገበሬው በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ቶሎ እንዲወርድለት ቁልቁል ያወጣዋል፤ አንዱ ፈሰስ የጎረቤቱን ይገናኛል፣ ታች ቦረቦር ይሆናል። ገበሬው አላጠፋም፤ ዘሩን ከመታፈን እያዳነ ነው። ግን የሁሉም ፈሰስ አንድ ቦታ ሲገናኝ የማንም ያልሆነ ሸለቆ ይፈጠራል።

ስለዚህ ዋልካ ላይ የመጀመሪያው ሥራ እርከን አይደለም። ውኃውን በዝግታ ማስወጣትና ቶሎ መዝራት ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሁለት የአገር ማረሻ ተያይዞ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣው። መደቡ ላይ ስንዴ በሰኔ መጨረሻ መዝራት ይቻላል፤ በሐምሌ መጨረሻ መሬቱ አረንጓዴ ለብሷል። ውኃው በቦዩ ይሄዳል፣ ሥሩ አይታፈንም፣ ምርቱም ይጨምራል። ለገበሬውም ለጠጪውም ከሚጠቅሙ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ለምን አልተስፋፋም? ሦስት ነገር። መሣሪያው ለደከመ በሬ ይከብዳል፤ በሬ የሚደክመው ደግሞ ልክ በሰኔ፣ መኖ ባለቀበት ወር ነው። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ለመዝራት ቀድሞ ማረስ ይፈልጋል፤ ዋልካ ደረቁን ድንጋይ ነው፣ ከራሰ ይለጠፋል፣ የሚታረስበት ቀን ጥቂት ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ከቦዩ የሚወጣው ውኃ የት ይሄዳል? ጎረቤት ማሳ ላይ። ጎረቤት ካልተስማማ ሽማግሌ ፊት ያደርሳል። የጋራ ማፋሰሻ ሳይሠራ መሣሪያውን ማደል ጠብ ማደል ነው።

ማፋሰሻው ጠፍጣፋ ወለል ያለው፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ስፋት፣ ሣር የለበሰ መሆን አለበት። ሣሩ ከውኃው አንድ ክረምት ቀድሞ መተከል አለበት። በዚህ ዓመት ቆፍሮ በዚሁ ዓመት ውኃ መልቀቅ ቦረቦር በእጅ መሥራት ነው።

አዝመራ

ማረሻና ሞፈር ያሉት ሜዳውን ነው። ዳገቱን ልጨምር፤ ከላይ ቀይ አፈር ያለበትን።

እዚያ እርከን ይሠራል። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ይሁን ብንል፣ 5 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ20 ሜትሩ፣ 10 በመቶ ላይ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። ፋንያ ጁ የሚባለው የእርከን ዓይነት ከሆነ ቦዩ 50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኖረዋል፣ አፈሩ ወደ ላይ ይወረወራል፣ በቦዩና በክምሩ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዋል፤ ካልተተወ ክምሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይናዳል። ዝናብ በሚበዛበት እንደ አዲስ አበባ ዙሪያ ባለ ደጋ ደግሞ እርከኑ ልሙጥ መሆን የለበትም፤ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ወደ ማፋሰሻው ያዘንብል። ልሙጡ ለቆላ ነው፣ ውኃ ለማስቀረት። እዚህ ልሙጥ ሲሠራ ውኃው ይጠራቀማል፣ አንድ ደካማ ቦታ ያገኛል፣ ይሰብራል፤ የተሰበረ እርከን ካልተሠራው ይብሳል፣ የአሥር ሜትር ውኃ በአንድ ቀዳዳ ይወጣልና።

ገበሬውን ምን ያስከፍለዋል ተብሏል። ቦዩና ክምሩ አንድ ላይ 1 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛሉ። በየ10 ሜትሩ ከሆነ ከማሳው 15 በመቶ ሄደ። በሄክታር 25 ኩንታል ስንዴ ለሚያገኝ ሰው ወደ 4 ኩንታል ገደማ ነው። እርከኑ የያዘው አፈር ይህንን ኪሣራ የሚመልሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት ግን ዘንድሮ ነው። "ገበሬው ግንዛቤ የለውም" የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ግንዛቤ አለው፤ 4 ኩንታሉን ቆጥሮታል።

ኪሣራውን የሚቀንሰው ክምሩ ላይ የሚተከል መኖ ነው። ደሾ ሣር በቁራጭ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ ሰኔ ሲገባ። ሥሩ ክምሩን ይይዛል፣ ከላዩ ይታጨዳል። ትሪ ሉሰርንም (ለመኖ የሚሆን ቁጥቋጦ) ለደጋ ጥሩ ነው፤ ግን ቀይ አፈር ላይ ብቻ፣ ውኃ የሚተኛበት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ዋልካ ላይ ተተክሎ ሲሞት "ችግኝ አልጸደቀም" ተብሎ የሚጻፈው ሪፖርት ምክንያቱ ይህ ነው።

እና ልቅ ግጦሽ። አዝመራው በታኅሣሥ እንደተሰበሰበ ከብቱ ሁሉ ይለቀቃል። በክረምት የተሠራውን ሁሉ በሁለት ወር ሰኮና ያፈርሰዋል። አጭዶ መቀለብ ላይ ስምምነት ሳይደረስ እርከን መሥራት በየዓመቱ አንዱኑ ሥራ መድገም ነው።

ሒሳብ ይውጣ

ይቅርታ አድርጉልኝና ላቋርጥ። ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን ጭቃውን ሁሉ ማሳ ላይ አትጫኑት። የቦረቦር ግድግዳ፣ የጠጠር መንገድ ቦይ፣ የድንጋይ ካባ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የሚቆፈረው መሠረት፤ እነዚህ በአንድ ዝናብ የሚሰጡት ደለል ከስንት ማሳ ይበልጣል። መንገድ ሲሠራ የቱቦው አፍ ማሳ ላይ ይለቀቅና በሦስት ክረምት ገደል ይሆናል። ገበሬው እርከን ሠርቶ የመንገዱን ውኃ ሊያቆመው አይችልም።

ስለ ክፍያም ልናገር። በሜትር ኩብ 1 ብር ተጨመረ እንበል፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለሚሸጥ ሥርዓት በዓመት 36.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ያምራል። ግን መንገድ ላይ የሚፈስ ውኃ አይሸጥም። ቧንቧው እያፈሰሰ ከጠጪው ተጨማሪ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን። ደግሞስ ተፋሰሱ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ጠጪው አዲስ አበባ። ገንዘቡ በየትኛው በጀት በኩል ያልፋል?

ቀበና ዳር

ሒሳብ ይውጣ፣ የመንገዱ ነገር ትክክል ነው፤ ቸል ብዬው ነበር። ግን "መጀመሪያ ቧንቧው" የሚለው አያስማማኝም። ቧንቧው የዓመታት ሥራ ነው፣ አፈሩ ደግሞ አይጠብቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

በአስተዳደር ወሰን ላይ፣ ናይሮቢ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል፤ ውኃዋ የሚመጣው በኬንያው የታና ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ ካሉ ገበሬዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የውኃ ፈንድ አቋቁመው ከበጀት ውጭ በፈንድ በኩል ይሠራሉ። ለገበሬው በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ አይሰጡትም፤ የመኖ ሣር፣ ችግኝ፣ የውኃ ማቆሪያ ሸራ ነው። ማቆሪያው ብልህነት አለበት፤ ገበሬው በበጋ አትክልት ስለሚያለማበት ራሱ ይጠብቀዋል። እኛ ጋ የሰነድ ሥራ ከሚፈልገው ፈንድ በፊት ይህን ዓይነት ልውውጥ መጀመር ይቻላል ባይ ነኝ።

ሰሜን በር

ክፍያው ለማን ነው የሚሰጠው? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ማከራየትና ማውረስ ይችላል። ስለዚህ መሬት ለገጠር ሰው ከማምረቻነቱ በላይ ጡረታው ነው። ባልቴቷ፣ በሬው የሞተበት ሽማግሌ፣ ልጁ አዲስ አበባ የገባበት አባት፣ መሬታቸውን አይለቁም፤ ለእኩል ወይም ለሲሶ ይሰጣሉ። ግማሹን አዝመራ እያገኙ ይኖራሉ። ይህም ሚዛን ላይ የማይወጣ የግብርና ሥራ ነው፤ አገሪቱ ለአብዛኛው አረጋዊ ጡረታ አትከፍልም፣ ማሳው ይከፍላል። ከተማ ሥራ ሲጠፋም ወጣቱ የሚመለስበት ቤት ያ ነው። ፒያሳ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖረውም ከዘመድ የሚላክ አንድ ኩንታል ጤፍ በየትኛውም የደመወዝ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ግን ቤቱን ይዞ የሚያቆም ነው።

አሁን ወደ እርከኑ። በእኩል የሚያርሰው ሰው ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። እርከን የሚጠቅመው ከዓመታት በኋላ ነው። ለምን ይሠራል? ባለ ይዞታዋ ባልቴት ጉልበት የላትም። ስለዚህ በተፋሰሱ ውስጥ በጣም የሚታጠበው ማሳ ብዙ ጊዜ የማኅበረሰቡ ደካሞች ማሳ ነው፤ ለመሬቱ ስለማያስቡ ሳይሆን መሬቱ በሁለት ሰው መካከል ስለወደቀ።

የምመክረው ክፍያውን ለሁለት መክፈል ነው። ለግንባታው ጉልበት፣ ለሠራው ሰው፣ በቀን ሥራ። ለጥበቃው ደግሞ በየዓመቱ፣ ለባለ ይዞታው፣ እርከኑ ቆሞ ከታየ። አንድ ላይ ለአንዱ ብቻ ከተሰጠ አንዱ ሠርቶ ሌላው ያፈርሰዋል። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ በሕዝብ ሥራ ብዙ እርከንና ክትር አሠርቷል፤ ትምህርቱም ይኸው ነው፣ ሥራው ተከፍሎበት ይሠራል፣ ጥበቃው ግን ክፍያ ስለሌለው ይረሳል።

ጎመን በጤና

ክሩ ወደ ለገዳዲ ብቻ አደላ። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በየወንዙ ዳር የሚለማው አትክልትም የሚቆጠርና የማይቆጠር ጎን አለው፤ ሁለቱንም ልንገር፤ ደጉን ብቻ ማውራት ሰውን መበደል ነው።

ደጉ፦ 1 ሄክታር ላይ በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። መሬቱ ኮንክሪት ከሆነ ወደ 270ው ወዲያው ይወርዳል። የጎመን መደብ ከሆነ ከሩቡ ብዙም አይዘልም፤ ቀሪውን አፈሩ ይይዘዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበናና የግንፍሌ ጎርፍ የሚያልፍበት ዳርቻ ሁሉ ግንብ ቢሆን የታችኛው ሰፈር ምን እንደሚገጥመው ግልጽ ነው። ሙቀትም አለ። 100 ካሬ ሜትር ጎመን በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያተን 400 ሊትር ነው፤ ያንን ለማትነን ከአካባቢው አየርና ፀሐይ የሚወስደው ኃይል 270 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ የማይከፈልበት ማቀዝቀዣ ማለት ነው።

ክፉው፦ ወንዙ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ፣ የመፀዳጃ ፍሳሽ ይቀበላል። ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

አንዱ ሕያው ነው፤ ጀርምና የወስፋት ዕንቁላል። ይህ ይቀነሳል። ውኃውን በቀጥታ ከወንዝ ከመርጨት ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማርጋት፤ የወስፋት ዕንቁላል ከውኃ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ሲቀዳ ከላይ ይቀዳ፣ ወለሉ አይነካካ። በከፍታ አይረጭ፤ ጭቃው ቅጠሉ ላይ ይፈናጠራል። ከመታጨዱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ውኃ ይቁም፤ ፀሐይ ብዙውን ትገድለዋለች። ሰላጣ ላይ ይህ ከባድ ነው፣ ይጠወልግና ገዢ ያጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ታጭዶ ሲያበቃ እዚያው ወንዝ ውስጥ ለማሳመር ማጠብ ነው፤ የተደከመበትን ሁሉ በደቂቃ ያጠፋዋል። ቤት ሲደርስ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። ጭቃው አስቀድሞ ካልታጠበ ክሎሪኑን ጭቃው ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ብረቱ ነው፤ ክሮም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ። ይህን መቀቀል አያጠፋውም፣ በረኪናም አይነካውም። ቅጠላ ቅጠል፣ ቆስጣና ሰላጣ፣ ከቲማቲም የበለጠ ይሰበስባል። እዚህ ላይ ማሳው ምንም ማድረግ አይችልም ማለት ይቻላል፤ መቆም ያለበት ቱቦው ጫፍ ላይ ነው፣ ፋብሪካው ሳይለቀው። አትክልተኛውን ማሳደድ ፍሳሹን አያቆመውም፤ ወንዙን እንደተበከለ ትቶ የሚሠራውን ሰው ብቻ ያጠፋል።

አዝመራ

ጎመን በጤና ስለ ብረቱ ያሉት ላይ አንድ ነገር፦ የአፈሩ አሲዳማነት ሲጨምር ካድሚየም በቀላሉ ወደ ተክሉ ይገባል። ኖራና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀንሰዋል። አያጠፋውም፣ ይቀንሰዋል።

ጎታ

ሁላችሁም ውኃና አፈር ላይ ናችሁ፤ አጭር ነገር ልጨምር። ገበሬው በየዓመቱ የራሱን ዘር መርጦ ማስቀመጡም ሚዛን ላይ አይወጣም። በካሊፎርኒያ ገብስን ያጠፋ የነበረውን የቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ጠብቆ ያቆየው ቤተ ሙከራ ሳይሆን ጎተራ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ ማቆየት ይቻላል ብለው ስለሠሩ ነው። ዘሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ባለበት ይቆማል፤ ማሳ ላይ ሲሆን ከበሽታውና ከዝናቡ ጋር አብሮ ይለወጣል። እርከን ላይ ክፍያ ስታስቡ ማሳውን ሁሉ በአንድ ምርጥ ዘር የሚያስሸፍን ግዴታ አታስገቡበት።

ማረሻና ሞፈር

ሰሜን በር ያነሱት የእኩል ነገር ዋልካው ላይም ያው ነው። ማፋሰሻው በሦስት ባለ ይዞታ መሬት ሲያልፍ ሁለቱ ከተማ ያሉ ናቸው፣ ፊርማቸው አይገኝም።

ሌላ ሰው በግድቡ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ይተከል ሊል ስለሚችል አስቀድሜ ልናገር፦ ቅጠሉ ተጠርጎ ለማገዶ ከሄደ ባሕር ዛፍ ሥር ያለው መሬት እንደ ተጠረገ ግቢ ነው፤ ሣር አይበቅልበትም፣ ጎርፉ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ደለል የሚያጣራው ግንዱ ሳይሆን መሬት ላይ የተኛው ሣርና ግርድ ነው። ግድብ ዳር የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ሜትር የተከለለ፣ የማይታረስ፣ የሚታጨድ ሣር ነው።

ቀበና ዳር

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ክፍያው ውጤትን ተከትሎ ከሆነ፣ ከየትኛው ገባር ስንት ጭቃ እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? ውድ መሣሪያ ሳይገዛ።

ደለል ቆጣሪ

ውጤት ላይ ብቻ አትክፈሉ። ሒሳብ ይውጣ እንዳሉት ከላይ መንገድ ከተቆፈረ ገበሬው ባላጠፋው ይቀጣል። ክፍያው ቆሞ ለታየው ሥራ ይሁን፤ መለኪያው ደግሞ ሥራው የሚጠቅም መሆኑን ለማወቅ ይሁን።

መለኪያው ቀላል ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ከታች የተደፈነ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ። ወለሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ተከፋፍሎ የተቀባ ክብ ይለጠፋል። ውኃ ተሞልቶ ከላይ ወደ ታች ይታያል፤ ክቡ እስኪታይ ድረስ ውኃው ቀስ እየተባለ ይፈሳል። የቀረው ውኃ ቁመት በሴንቲ ሜትር ይጻፋል። ቁመቱ ባነሰ ቁጥር ውኃው ደፍርሷል ማለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ አትምታበት፣ የፀሐይ መነጽር ያጠለቀ አያንብበው፣ ከመነበቡ በፊት ይናወጥ፤ ከቆመ ደለሉ ወርዶ የጠራ ይመስላል።

የሚበላሸው መቅጃ ሰዓቱ ላይ ነው። ጎርፍ ሲነሳ የሚመጣው የመጀመሪያው ውኃ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ሲወርድ ካለው ውኃ ብዙ እጥፍ ድፍርስ ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቀዳ ሰው ማታ የመጣውን ጎርፍ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የክረምት ዝናብ የሚበዛው። ስለዚህ ሰው ሳይኖር የሚቀዳ ነገር ያስፈልጋል። ወንዙ ውስጥ ካስማ ተተክሎ ባዶ ጠርሙሶች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ከፍታ ይታሰሩበታል፤ የእያንዳንዱ አፍ በጎማ ይደፈንና ሁለት ቀጭን ቱቦ ይገባበታል። አንዱ ውኃ ያስገባል፣ ሌላው አየር ያስወጣል፤ የአየሩ ከውኃ መግቢያው ከፍ ይበል። ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ተራው ሲደርስ ይሞላል። የአየሩ ቱቦ ጫፍ ወደ ውኃው መሄጃ፣ ወደ ታች ይዙር፤ ወደ ውኃው መምጫ ከዞረ ማዕበሉ እየገባ ጠርሙሱን ቀድሞ ይሞላዋል። ጎርፉ ሲወርድ ያለው ውኃ አይለካም፣ ጠርሙሱ ሲወጣ ያለውን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ ግን ለማነጻጸር ይበቃል።

ሁለት ገባር ምረጡ፤ ስፋታቸው የተቀራረበ፣ አንዱ ሥራ የሚሠራበት፣ ሌላው የማይሠራበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ሁለቱም ይለኩ። ያ ቀዳሚ ክረምት ከተዘለለ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ምን እንደሚያሳይ አይታወቅም። ካስማው የሚተከለው ግንቦት ሳያልቅ፣ ወንዙ ገና ዝቅ ብሎ እያለ ነው።